ዕጣ የበተነው ሰፈር

ኮቤ በተራራና በባሕር መካከል የተሠራች ከተማ ናት። የሮኮ ተራሮች ከኋላ፣ ባሕሩ ከፊት ሆነው ስላጠበቧት ወደ ጎን ብቻ ረዝማለች። መንገድ የጠፋበት እንግዳ ሽቅብ ከሆነ ወደ ሰሜን፣ ቁልቁል ከሆነ ወደ ደቡብ እየሄደ መሆኑን ያውቃል። እንጦጦን አይቶ አቅጣጫውን ለሚለይ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፤ አደጋውን ፈልጎ ቢዞር አያገኘውም። ወደቡ ላይ ለማስታወሻ ብለው ሳይጠግኑ ከተዉት ስልሳ ሜትር ያህል የተሰነጠቀ መድረክ በቀር ፍርስራሽ የሚባል የለም። መንገዱ ሰፊ፣ ሕንፃው አዲስ፣ ባቡሩ በደቂቃው የሚደርስ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጡ የደረሰው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ላይ ነው። በእኛ ቀን ጥር 9 ቀን 1987 ማለት ነው፤ ከተራ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው። ኮቤና አካባቢዋ ለሃያ ሰከንድ ገደማ ተናወጡ። በጠቅላላው 6,434 ሰው ሞተ፣ ከ100,000 በላይ ቤት ሙሉ በሙሉ ፈረሰ፣ ከ300,000 በላይ ሰው በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠለለ። አብዛኞቹ ሟቾች ከባድ የሸክላ ክዳን በተሸከሙ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ሥር በተኙበት የቀሩ ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የከነከነኝ የተረፉት ሠላሳ ዓመቱን እንዴት ኖሩት የሚለው ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ካሜራም እርዳታም አያጣም፤ አሥረኛው ዓመት ግን ማን ያየዋል?

ያስጎበኘኝ የጃፓን መንግሥት ለአፍሪካ ወጣቶች በሚሰጠው የትምህርት ዕድል መጥቶ፣ ኮምፒውተር ተምሮ፣ እዚያው ሥራ ይዞ የቀረ ጓደኛዬ ነው። ጃፓንኛውን እንደ ልቡ ያደርገዋል። ከእሱ ጋር ወደ ምሥራቅ፣ ሃት ኮቤ ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። ቦታው ቀድሞ የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ነበሩበት፤ ከአደጋው በኋላ ለተፈናቀሉት ረጃጅም የመንግሥት አፓርታማዎች ተሠሩበት። የአደጋው ሙዚየምም፣ ከአፍሪካ ሳይቀር ሠልጣኞች የሚመጡበት፣ የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት የሆነው የጃይካ ማዕከልም እዚያው ናቸው። ሙዚየሙ ደህና ነው። መንቀጥቀጡን በድምፅና በምስል መልሶ ያሳያል፣ ከአደጋው የተረፉ አረጋውያን በበጎ ፈቃድ ቆመው ያዩትን ይናገራሉ። ግን ከሙዚየሙ ይልቅ ከአፓርታማዎቹ በአንዱ፣ ምድር ቤት ካለ የመሰብሰቢያ አዳራሽ የጠጣሁት ቡና ብዙ ነገር ነገረኝ።

በእንዲህ ያለው አዳራሽ ነዋሪዎች በሳምንት አንዴ ሻይ ቡና ይላሉ። 100 የን ከፍለህ ቡናና የተጠበሰ ዳቦ ይቀርብልሃል። ከሰባ ዓመት በታች ያለነው እኔና ጓደኛዬ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሴቶቹ ትልቁን ጠረጴዛ ከብበው ይንጫጫሉ። ሦስት ወንዶች መስኮት ሥር፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጠረጴዛ፣ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እርስ በርስ አይነጋገሩም። ቡናውን አፍልታ የምታድለው ሴት በኋላ እንደነገረችን እነዚህ ሦስቱ ጀግኖች ናቸው፤ ሌሎቹ ወንዶች ጭራሽ ከቤታቸው አይወርዱም።

ከሴቶቹ አንዷ፣ እኔና ጓደኛዬ በመካከላችን «እማማ» ያልናቸው፣ ሰማንያን ያለፉ ናቸው። ከአደጋው በፊት ናጋታ በሚባለው የጫማ ሠራተኞች ሰፈር ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ውስጥ ሆነው የጫማ ላይኛውን ክፍል በመኪና ይሰፉ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ አንዱ ቆራጭ፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ለጣፊ ነው። ቤቱ ሲደረመስባቸው ያወጧቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች አይደሉም፤ ቶፉ የሚሸጠው ጎረቤት ነው። «የት እንደምተኛ ያውቅ ነበር» አሉ፣ ነገሩን እንደ ተራ ነገር። «ደረጃው ሥር ነው የምትተኛው ብሎ እዚያ ቆፈረ።» በእርግጥም ከፍርስራሽ በሕይወት የወጡት አብዛኞቹ በቤተሰብና በጎረቤት እጅ ነው የወጡት። የመንቀጥቀጡ መነሻ አጠገብ ባለችው በአዋጂ ደሴት፣ ሆኩዳን በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ማን የትኛው ክፍል እንደሚተኛ ጎረቤቱ ስለሚያውቅ የተቀበረውን ሁሉ በዚያው ቀን ፈልገው ጨርሰዋል።

እንግዲህ የኮቤ ነገር የሚገርመው ይህ ነው። ሰዉን ያዳነው ጉርብትና ነው፤ ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያ ተጎጂ የሆነውም እሱ ነው። የበተነው መንቀጥቀጡ ቢሆን ኖሮ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። የበተነው ዕጣ ነው።

በጥቂት ወራት ውስጥ 48,300 ጊዜያዊ ቤቶች ተሠሩ። መሬት የተገኘው ከመሀል ከተማ ርቆ፣ ከተራራው ጀርባ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮችና ባሕር ተሞልቶ በተሠሩ ደሴቶች ላይ ነበር። ለማን ይሰጥ? ሁሉም እኩል ዕድል እንዲኖረው ዕጣ ይውጣ፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ይቅደሙ ተባለ። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። በተግባር ግን አንድ ሰፈር ሙሉ ሽማግሌና በሽተኛ ብቻ ሆነ፤ በር ለበር የተገጣጠሙት ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ዘመድ የሚጠይቀው፣ ጉልበት ያለው፣ ገንዘብ ያለው ቀስ በቀስ ወጣ። የቀረው ቀረ።

ጓደኛዬ ከተማውን ይደግፋል። «300,000 ሰው በየአዳራሹ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ክረምት ሆኖ፣ ሰፈር በሰፈር አሰልፍ ብትባል ምን ታደርግ ነበር? ወገኑን አስቀደመ ይሉህ ነበር እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። አድልዎን የሚፈራ አስተዳደር ከዕጣ የተሻለ መሸሸጊያ የለውም። እኛም ይህን እናውቃለን፤ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ስሙን በጋዜጣ ያገኘ ሰው እልል ይላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜ ልኩን የኖረበትን ልደታን ትቶ፣ እድሩን ትቶ፣ የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ሊጠይቀኝ ይመጣል እያለ ይቀመጣል። ዕጣ ለእያንዳንዱ ሰው ፍትሐዊ ነው፤ የሰዎችን መተዋወቅ ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ብቻውን ቆሞ የሚቆጠር ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

እማማ የደረሳቸው ቤት በባቡርና በአውቶቡስ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ኮረብታ ላይ ነበር። ሁለት ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ቆርቆሮ። በጋ ላይ ምድጃ፣ ክረምት ላይ በረዶ ቤት ነው። የጎረቤት ሳል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የጎረቤት ጠብ ሁሉ ይሰማል። የመጀመሪያውን ዓመት ከማንም ሳይነጋገሩ አሳለፉ። በሁለተኛው ዓመት ግን በቤቶቹ መካከል ባለው የጠጠር መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፣ አትክልት ተተከለ፣ ሰው በር ላይ መቀመጥ ጀመረ። ግድግዳው ስስ በመሆኑ የአንዱ ሳል ሲጠፋ ሌላው ያንኳኳ ነበር። በኋላ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የደረሳቸው አዲስ አፓርታማ መታጠቢያው ሙቅ፣ ግድግዳው ኮንክሪት፣ በሩ ብረት ነው። «በሩ ሲዘጋ ድው ይላል» አሉ እማማ በእጃቸው እያሳዩ። «ከዚያ በኋላ ምንም አይሰማም።» ያንን ቆርቆሮ ቤት እስከ ዛሬ እንደሚናፍቁት ሲናገሩ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

መናፈቃቸውን እንደ አሮጊት ትዝታ ቆጥሮ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ቁጥሩ ግን አያሳልፍም። በጊዜያዊ ቤቶቹ ውስጥ ማንም ሳያያቸው ብቻቸውን የሞቱ ሰዎች 233 ናቸው። የመጨረሻው ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ላይ ከወጣ በኋላ፣ በቋሚዎቹ አፓርታማዎች በዓመታት ውስጥ በዚህ መንገድ የሞቱት ከ1,000 አልፈዋል። ከጊዜያዊ ሰፈሮቹ በአንዱ ክሊኒክ ከፍተው የነበሩት ኢሳኦ ኑካዳ የተባሉ ሐኪም ጉዳዩን በመጽሐፍ አውጥተውታል። አዘውትረው ያዩት በሽተኛ እኔ የጠበቅሁት ዓይነት አቅመ ቢስ አሮጊት አልነበረም፤ ሥራውን ያጣ፣ ገቢው የተቋረጠ፣ ብቻውን የሚጠጣ፣ ጉበቱ የታመመ የሃምሳና የስድሳ ዓመት ወንድ ነው። መስኮት ሥር ጋዜጣ የዘረጉትን ሦስት ሰዎች ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን አየኋቸው።

መንግሥት ዝም አላለም፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። በየአፓርታማው እየዞሩ የሚጠይቁ ሠራተኞች ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአእምሮ ቁስልን የሚያክምና የሚያጠና ተቋም ኮቤ ባለችበት ክፍለ ሀገር ተከፈተ። ደራሲው ማኮቶ ኦዳና ሌሎች ዜጎች ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 ለአደጋ ተጎጂ ቤተሰብ ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ ወጣ፤ ከዚያ በፊት የግል ቤት በሕዝብ ገንዘብ አይጠገንም የሚለው አቋም አይነቃነቅም ነበር። የድጋፉ ጣሪያ መጀመሪያ አንድ ሚሊዮን የን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ሦስት ሚሊዮን ከፍ ብሏል። የኮቤ ሰዎች ግን ሕጉ ወደ ኋላ ስላልሠራ ራሳቸው በታገሉለት ሕግ አልታቀፉም።

እ.ኤ.አ. በ1999፣ አደጋው አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ዜጎች ተሰብስበው ኑሮዬ ተመለሰ ለማለት ምን ያስፈልጋል የሚለውን በካርድ እንዲጽፉ ተጠየቁ። ሥራውን ከመሩት አንዱ የዶሺሻ ዩኒቨርሲቲው ሺጌዎ ታትሱኪ ነበሩ። ካርዶቹ ሲለዩ ሰባት ክምር ሆኑ፤ ጤና፣ ገቢ፣ የከተማው መልክ፣ ከመንግሥት ጋር ያለ ግንኙነት፣ ለቀጣይ አደጋ መዘጋጀት ሁሉም አሉበት። ትልቁ ክምር ቤት ነው፤ ይህ ይጠበቃል። ተከትሎት፣ ከገቢም ከጤናም ቀድሞ የመጣው ግን ከሰው ጋር ያለ ትስስር ነበር። ዕጣውን ያወጡት ሰዎች ይህን ካርድ ከአራት ዓመት በፊት ቢያዩት ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

እማማ ያደጉበትን ናጋታን ለማየት ወደ ምዕራብ ሄድን። ሰፈሩ በመንቀጥቀጡ ላይ እሳት ተጨምሮበት ነው የወደመው። ከተማው አደጋው በደረሰ በሁለት ወሩ፣ ነዋሪው ገና መጠለያ ውስጥ እያለ፣ ሃያ ሄክታር የሚሸፍን የመልሶ ማልማት ዕቅድ አጸደቀ። ከአርባ በላይ ሕንፃ ተሠራ። ዛሬ በሕንፃዎቹ ሥር ባሉት የገበያ መተላለፊያዎች ስትሄድ የተዘጋ ሱቅ ያጅብሃል። አደባባዩ ላይ ቴትሱጂን 28 የተባለው የካርቱን ሮቦት ግዙፍ ሐውልት ቆሟል፤ ቱሪስት ፎቶ ይነሳበታል፣ ከዚያ ወደ ባቡሩ ይመለሳል። ክፍት ከሆኑት ጥቂት ሱቆች በአንዱ ጫማ የሚጠግኑ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ጠየቁን። ኢትዮጵያ ስንል መዶሻውን አስቀምጠው «አበበ!» አሉ። ይህ ለጃፓን ሽማግሌ የተለመደ ነው፤ የእሳቸው ግን ሌላ ቁም ነገር ነበረው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1961 ኦሳካ ለማራቶን ሲመጣ ጫማ እንዲያደርግ ሄዶ የለመነው ኦኒትሱካ የኮቤ ጫማ ሠሪ ነው፤ ዛሬ አሲክስ የሚባለው ኩባንያ መሥራች። አበበም አድርጎት ሮጦ አሸነፈ። ሽማግሌው ስለ መንቀጥቀጡ ስንጠይቃቸው ግን በአጭሩ መለሱልን፤ ከሱቁ በላይ ያለው አፓርታማ ጥሩ ነው፣ የጥገናና የጥበቃ መዋጮው ውድ ነው፣ ደንበኞቼ ከኮረብታው ጀርባ አልተመለሱም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሳይቆጠር የቀረው ሰው ነገር ነው። በአደጋው ከ10,000 በላይ ሰዎች ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል። አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን አካሉ ጎድሎ ቀረ። እነዚህን ሰዎች ክፍለ ሀገሩና የኮቤ ከተማ አጥንተው ቁጥር ያወጡት እ.ኤ.አ. ወደ 2010 ገደማ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ያገኙት 349 ሰው ነበር። ሌላው ሞቷል፣ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ወይም ዝም ብሏል። ሕጉ ለአደጋ አካል ጉዳተኛ የሚሰጠው ካሳ ሁለት ዓይኑን ወይም ሁለት እግሩን ላጣ ዓይነት ከባድ ጉዳት ብቻ ነው፤ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ከመስመር ውጭ ነው። ደግሞስ በዚያ ሁሉ ሟች መካከል እግሬን አጣሁ ብሎ ማን ያለቅሳል? መትረፍህን አመስግን ይባላል። ሞትን ብቻ የሚቆጥር አገር የተረፈውን ጤነኛ ነው ብሎ ያስባል፤ በጎፋ የመሬት መንሸራተት ጊዜ የእኛም ዜና ሟች ሲቆጥር ሰንብቶ ስለ ተረፉት ዝም እንዳለው።

መሀል ከተማ ባለው ሂጋሺ ዩዌንቺ መናፈሻ የሟቾች ስም የተለጠፈበት ከመሬት በታች ያለ ክብ ክፍል አለ። እዚያ አንድ ነገር በጥሩ ተሠርቷል። ዝርዝሩ አልተዘጋም። ከአደጋው ዓመታት በኋላ በዚያው ሰበብ ታምሞ የሞተ ሰው ስሙ እንዲገባ ቤተሰቡ ማመልከት ይችላል፤ በየዓመቱ ጥር ከመድረሱ በፊት አዳዲስ ስሞች ይጨመራሉ።

ወደ አፓርታማው ልመለስና የዕጣውን ሁለተኛ ዙር ልናገር። ከተማው የራሱ ቤት ስላልበቃው ከሌሎች ባለቤቶች ሕንፃ ለሃያ ዓመት ተከራይቶ ለተፈናቀሉት ሰጥቶ ነበር። ሃያ ዓመቱ ሞልቶ ውሉ ሲያልቅ ነዋሪው ውጣ ተባለ። ብዙዎቹ ሲገቡ ስለ ሃያ ዓመት የነገራቸው እንደሌለ ይናገራሉ። የኮቤ ከተማ ዕድሜያቸው 85 የሞላ፣ ከባድ አካል ጉዳት ያለባቸው ወይም ከፍተኛ እንክብካቤ የሚሹ ይቆዩ አለ፤ ሌሎቹ እምቢ ሲሉ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው፣ ረታቸውም። ታካራዙካና ኢታሚ የተባሉት ጎረቤት ከተሞች ግን ማንንም አላስወጡም። ስለዚህ ማድረግ ይቻል ነበር። ከእማማ የቡና ጓደኞች አንዷ ያኔ 79 ዓመታቸው ነበር፤ ለመቆየት ስድስት ዓመት አነሳቸው። ጎረቤት መልመድን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩት።

ትምህርቱን ኮቤ ከፈለችበት፣ ሌላው ተማረበት። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒጋታ ተራሮች መንቀጥቀጥ ሲደርስ ያማኮሺ የተባለው መንደር ሕዝብ፣ ከ2,000 በላይ ሰው፣ በሄሊኮፕተር ወጥቶ ጊዜያዊ ቤት ሲገባ በየጎጡ ተመድቦ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይለይ ገባ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አብዛኛው ወደ ተራራው ተመለሰ። ለጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ያ መንደር ነው፤ ይሄ ከተማ ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ አልተግባባንም።

እማማ በመጨረሻ ዘጠነኛ ፎቅ ይዘውን ወጡ። ከአሳንሰሩ እስከ በራቸው ባለው ክፍት ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር እንዲቀመጥ አመልክተው፣ የእሳት አደጋ ማምለጫ መንገድ ስለሆነ አይቻልም የሚል ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ደብዳቤውን አውጥተው አሳዩን። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን አራት ሴቶች የሚታጠፍ ወንበር ከየቤታቸው አውጥተው እዚያው ይቀመጣሉ፤ ተቆጣጣሪው የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ ስለሚለጥፍ ያን ቀን አያወጡም። ለእኛም ሁለት ወንበር ተዘረጋልን። በአገራችሁ ፎቅ ላይ እንዴት ነው፣ ኮሪደር ላይ መቀመጥ ይፈቀዳል ወይ ብለው ጠየቁ። እኛ ቡና እናፈላበታለን አልኩ። ደስ አላቸው። በከሰል መሆኑን ጓደኛዬ አልተረጎመላቸውም።